ተርታው ነው ቅርሱ

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ አስታራቂ ሐሳብ አይጠፋም። «ሁሉንም ማፍረስ ልክ አይደለም፤ ሁሉንም ማስቀረትም አይቻልም። ታሪክ ያላቸውን ቤቶች እንለይ፤ የቀረው ጭቃ ነው፣ ይነሣ።» ሹሙም፣ ሪል ስቴት የሚገነባውም፣ ቡና ይዞ የሚሟገተው ምሁርም፣ ሌላው ቀርቶ ለቅርስ ተቆርቋሪ ነኝ የሚለውም እዚህች ላይ ይስማማሉ። ሁሉም ስለተስማማበት ልክ መሆኑን የጠየቀ የለም። እኔ ልጠይቅ። ሁሉንም አፍርሱ የሚል ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ለይተን እናስቀር የሚለው ግን ቅርሱን እያስፈረሰ ያዳነ ይመስለዋል፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

የአዲስ አበባ የድሮ ገበያ ሰፈር የሆነው የአራዳ ቅርስ ይህ ቤት ወይም ያ ቤት አይደለም፤ ተርታው ነው። ግድግዳ እየተጋሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው መንገዱን ተከትለው የወረዱት ሱቅና መኖሪያ ቤቶች በአንድነት ናቸው ቅርሱ። ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ማስቀረት ሌሎቹን ማፍረስ ብቻ አይደለም፤ ያስቀሩትንም ቤት ቀስ ብሎ መግደል ነው። ይህን ስል ለማሳመር አይደለም፤ የግድግዳ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመጀመሪያ ዘመኗ ከተማ ከመሆን ይልቅ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ ላይ ነበር፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ጭፍራቸውን አስከትለው በየጉብታው ሰፈሩ። በመካከላቸው ሜዳና ወንዝ ነበር። እነዚህን የተበታተኑ ሰፈሮች አንድ ያደረጋቸው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው ገበያ ነው። የሕንድ ነጋዴ፣ የአርመን ግንበኛ፣ ግሪኩ፣ ዓረቡ፣ ጉራጌው፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው አቀባይና ባለ እጅ ጎን ለጎን ሱቅ ከፈተ። ባላባት በግቢው መካከል ቤት ሠርቶ ዙሪያውን ያጥራል። ነጋዴ ግን መንገድ ይፈልጋል፤ የመንገድ ዳር መሬት ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ፊቱን አጥብቦ ወደ ኋላ ያስረዝመዋል፤ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ከሱቁ በላይ ሌላ ወለል ጭኖ በላዩ ይኖራል። ከተሜነት በዚህች አገር መናገሻ ውስጥ መልክ ያገኘው እንዲህ ባለው ቤት ነው፤ በራሶቹ አዳራሽ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲወስደው እንኳ ተርታው ባለበት ቀረ፤ ወርቅ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሙዚቃ ቤቱም በዚያው ኖረ።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ከታች ባለ ሁለት መዝጊያ የሱቅ በር አለ። ከላዩ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ የእንጨት በረንዳ፤ ከበረንዳው ጣሪያ ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተቦረቦረ ሳንቃ። ይህ ሳንቃ የሕንድና የአርመን አናጺዎች ያስለመዱት፣ የአገሬው አናጺ ተቀብሎ የራሱ ያደረገው ሥራ ነው። ከሱቁ ጎን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። በዚያ ሲገቡ ከመንገዱ የማይታይ ግቢ ይገኛል፤ ዙሪያውን ቤት፣ መካከሉ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ በሁሉም በር ላይ ከሰል ማንደጃ። ፊት ለፊት የሚነግደውና ከኋላ የሚኖረው፣ ሀብታሙና ተላላኪው፣ በአንድ መተላለፊያ ይወጣሉ ይገባሉ። እንግዲህ «የሚጠበቀው ቤት» የሚባለው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቱ ነው? በረንዳው? ታዲያ መተላለፊያው ወዴት ሊወስድ ነው?

አሁን ወደ ግድግዳው። የጭቃ ቤት የውጭ ግድግዳ ከዝናብ የሚጠበቀው በጣሪያው ክፈፍ፣ በአሸንዳው፣ በድንጋይ መሠረቱና በኖራው ነው። ሁለት ቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ ግን ዝናብ ያየዋል ተብሎ አልተሠራም፤ ክፈፍ የለው፣ ኖራ የለው፣ ብዙ ጊዜ ደህና ምርግ እንኳ የለው። ጎረቤቱን ስታፈርሱት ያ የውስጥ ግድግዳ በአንድ ቀን የውጭ ግድግዳ ይሆናል። አንድ ክረምት ጭቃውን አጥቦ ማገሩን ያወጣዋል፤ በሁለተኛው የቋሚዎቹ እግር ይበሰብሳል። ከዚያ አንድ መሐንዲስ ይመጣና ለነዋሪ አደገኛ ነው ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱን ነው፣ አደገኛ ሆኗል። እንዲህ ነው ተለይቶ የቀረው ቤት ሕጋዊ በሆነ መንገድ ቆይቶ የሚፈርሰው። ካልፈረሰም ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያው አስፋልትና ሣር ሆኖ፣ ጥርስ ሁሉ ረግፎ እንደ ቀረ አንድ ክራንቻ ይቆማል።

መራጮቹ ሲመርጡ የሚጠቀሙበት መመዘኛም ይገርመኛል። በከተማዋ የቅርስ ቤቶች ሲጠሩ የምንሰማው የራስ እከሌ፣ የቢትወደድ እከሌ፣ የአፈ ንጉሥ እከሌ፣ የሼህ እከሌ ቤት ነው። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም የቅርስ ዝርዝራችን ገና የግብር አዳራሽ አቀማመጥ ይመስላል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ሙዚየም በመሆኑ ደስ ይለኛል፤ መሆንም ነበረበት። ግን የሱቁን ባለቤት፣ የሰዓት ሠሪውን፣ ከላይ ክፍል ተከራይቶ አምስት ልጅ ያሳደገውን ማን አስታወሰው? ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ከተማው በሙሉ አዘነ፤ ሆቴሉም ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። አሮጌ የእንጨት ሥራ ተመልሶ ሊቆም እንደሚችል እናውቃለን ማለት ነው። ችሎታው የሚጠፋን የባለቤቱ ስም ያልታወቀ ቤት ላይ ስንደርስ ነው።

«ጭቃ እኮ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ፍርድ የሚጥሉት ሰዎች የመን ውስጥ ያለችውን የሺባም ከተማ ይመልከቱ። እስከ ሰባት ፎቅ የሚደርሱ ቤቶቿ ሁሉ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ ብዙዎቹም ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እየታደሱ የቆሙ ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1982 መዝግቧታል። ጭቃ ዕድሜ አያጣም፤ ጠባቂ ነው የሚያጣው። የእኛም ባለ እጅ ጥበቃውን ያውቅበት ነበር። ጭዱን ከጭቃው ጋር አቡክቶ ለቀናት ያሳድረዋል፤ የበሰበሰውን ቋሚ ከእግሩ ቆርጦ ሌላ ይተካል፤ ከክረምት በፊት ቆርቆሮውን ያያል፣ ከክረምት በኋላ ምርጉን ይደግማል። ይህ በየዓመቱ የሚደረግ ተራ ሥራ ነው። ጥያቄው ለምን ቆመ የሚለው ነው።

መልሱ ቀን አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ድሃውን ከቤት አከራይ ነጻ ለማውጣት የታሰበ ነበርና ብዙ ሰው እፎይ ብሎበታል፤ እኔም አዋጁን ለመክሰስ አልተነሣሁም። ቤቱ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ኪራዩ በወረደበት ቀረ፤ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም። የወር ኪራዩ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ የቀበሌ ቤት ለአዲስ አበቤ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚህ ገንዘብ ቀበሌው ቆርቆሮ ሊገዛ አይችልም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነን ቤት ለማደስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ቢያገኝም ነገ ለሚወሰድ ቤት ለምን ያፈስሳል? ልጆች ሲወለዱ ቆጥ ይሠራል፤ በረንዳውን በኮምፔንሳቶ ይጋርዳል፤ ግቢው ውስጥ ቅጥያ ይቀጥላል። እንዲህ ሆኖ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ መጥተን «አርጅቷል» አልን። አላረጀም። ባለቤት እንዳይኖረው ተደርጎ፣ ያለ ጥገና ተትቶ፣ መጨረሻ ላይ በደረሰበት ጉዳት ተከሰሰ።

እዚህ ላይ ልማት ወዳዶቻችን ስሟን ጠርተው የማይጠግቧትን ሲንጋፖርን ላምጣ። አዲስ አበባን እንደ ሲንጋፖር እናደርጋለን የሚል ሰው ሲንጋፖር ምን እንዳደረገች ቢያነብ ደስ ይለኛል። እዚያም ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑ፣ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ከፊታቸው በረንዳ ያላቸው ተርታ ቤቶች ነበሩ። ለእነዚህም እ.ኤ.አ. በ1947 የኪራይ መቆጣጠሪያ ሕግ ወጣላቸው፤ ኪራዩ ባለበት ቆመ፣ ባለቤቱ ማደሱን ተወ፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተጨናነቀ፣ ቤቱ ወየበ። ከእኛ ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ያስደነግጣል። መጀመሪያ እነሱም ማፍረሱን ተያያዙት። በኋላ ግን የሊ ኩዋን ዩ መንግሥት፣ ለትዝታ ሲል መሬት ያባክናል ተብሎ የማይታማው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የቻይናና የሕንድ ሰፈሮችን ጨምሮ አካባቢዎችን በሙሉ ለጥበቃ ከለለ። ቤት በቤት አልመረጠም፤ ተርታውን ነው የከለለው። የኪራይ ቁጥጥሩንም በየደረጃው ፈታው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሕጉ ጨርሶ ተሻረ። ዛሬ በዚያች ጠባብ ደሴት ከ7,000 የሚበልጡ ሕንፃዎች በጥበቃ ሥር ናቸው። ከእኛ አንጻር መሬት የሌላት አገር ናት እኮ! ዱባይም ብትሆን፣ ስንቱ የእኛ ሰው የሚያልፍባት ዱባይ፣ አል ፋሂዲ የተባለውን የነፋስ ማማ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ሰፈር ግማሹን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካፈረሰች በኋላ ነው ቀሪውን ይዛ የዳነችው። የምንቀዳውን ከቀዳን አይቀር እስከ መጨረሻው ገጽ እንቅዳ።

የሲንጋፖርን ስሕተትም አብሬ ልናገር፤ ካልተናገርኩት ሌላው ይነግረኛል። ቤቶቹ ቀሩ፣ ነዋሪዎቹ ግን በአብዛኛው ወጡ። ዛሬ ብዙዎቹ መጠጥ ቤትና ቢሮ ናቸው፤ ኪራያቸውም ለልብስ ሰፊ የሚቀመስ አይደለም። ተርታውን አድኖ ሰውን ማጣት ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ የእኔ ክርክር ለበረንዳ ብቻ አይደለም።

«ነዋሪው እኮ መጸዳጃ ቤት እንጂ ቅርስ አልጠየቀም» የሚለውን ክርክር የማከብረውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የበረታው እሱ ነው። በአንድ ሽንት ቤት ግቢ ሙሉ ሰው ሲሰለፍበት ያየ፣ በክረምት ሌሊት ባልዲ ይዞ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው ፊት ስለ ሳንቃ ጌጥ ማውራት ነውር ነው። ግን ክርክሩ የሚያስረዳው ምኑን ነው? የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ መርሐ ግብር አንድን ሰፈር የተጎሳቆለ ብሎ ለመፈረጅ አምስት ነገር ያያል፦ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ ስፋት፣ የቤቱ ጥንካሬ፣ የይዞታ ዋስትና። ከአምስቱ አራቱ የግድግዳው ጥፋት አይደሉም። ውሃና መጸዳጃ የቧንቧ ጉዳይ ነው፤ መጨናነቁ የቤት እጥረት፣ ዋስትናው የሕግ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የአራዳው ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሲሆን፣ የኮሪደር ልማት ለተባለው የመንገድ ሥራ የውሃ፣ የፍሳሽና የመብራት መስመር አብሮ ተቀበረ። መቅበር ይቻል ነበር ማለት ነው። አንድ ሰፈር ለመቶ ዓመት ሲለምነው የኖረው የፍሳሽ መስመር ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ በደጁ አለፈ። ይህን ልማት ነው የሚል ይበል፤ ለነዋሪው አዝኜ ነው ያፈረስኩት ግን አይበል።

ደግሞም ነዋሪው ከቤቱ ጋር ያጣው ነገር በካሬ ሜትር አይለካም። ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ገላን ጉራና ሌላም ቦታ የተዛወረው ሰው ምናልባት የተሻለ ወለልና የራሱ መጸዳጃ አግኝቷል፤ ያገኘውን አላቃልልም። ግን ጀበና ይዛ ሱቅ በራፍ ላይ ቡና የምትሸጠው እናት ደንበኛዋን አብራ አላዛወረችም። ጫማ የሚያድሰው አባወራ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ እንደ ተርታው ቤት እየተደጋገፉ የኖሩ ናቸው። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ማስፈር ያው የጋራውን ግድግዳ ማጋለጥ ነው።

ሌላው በሹክሹክታ የሚቀርብ ክርክር «የሕንድና የአርመን ሥራ ምኑ ነው የኛ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አላባክንበትም። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ኢትዮጵያ ለዓለም ካቀረበቻቸው የቤት ዓይነቶች አንዱ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ከተማዋ የገቡ የሕንድ ነጋዴዎች የሠሩት ባለ አንድ ፎቅ፣ ባለ በረንዳ ቤት ነው። ሐረር ላይ የኛ ነው ብለን ፈርመን አራዳ ላይ የባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ጁገል ከዚህ የበለጠም ያስተምራል። እዚያ የተመዘገበው ከ50 ሄክታር የማይበልጠው ከተማ በሙሉ ነው፤ ቅጥሩ፣ መስጊዱ፣ ጠባብ መንገዱ፣ ግድግዳ የሚጋራው ተራው ቤት ሳይቀር። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ብትወርዱ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን በየሱቁ ደጃፍ ደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ታሰፋላችሁ። ከእነዚያ ሱቆች አንዱን ብቻ ቅርስ ነው ብሎ ሌላውን አፍርሱ የሚል ሰው ቢመጣ ሐረሪው ይስቅበታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ይኸው ሐሳብ በቁም ነገር ይቀርባል፤ በጨዋነት ይደመጣል።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በአንድነት የሚገኙበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ስፍራ ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲያውጅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከታወጀ በኋላ ያለ ፈቃድ ቤት መሥራት፣ መንገድ ማውጣት፣ መቆፈር ክልክል ነው። ሕግ አውጪው ተርታ የሚባል ነገር እንዳለ ገብቶት ነበር። እኛ ግን ሰሌዳ መለጠፉን መረጥን፤ ሰሌዳ ርካሽ ነው።

መከለል ብቻውን እንደማያድንም አውቃለሁ። የዛንዚባር ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በውስጡ ያለው ዝነኛው ቤተ አጃኢብ ግን በ2013 ዓ.ም. ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ገደለ። ጥገና የሌለው ምዝገባ የሞት ቀጠሮ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ መስጠት አለብኝ፤ መልሱም እዚያው ተርታው ውስጥ አለ። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ዋና ከተማ መካከል የቆመ ሱቅ ነው፤ ወርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ድሃ አይደለም። ሱቁ የሚገባውን ኪራይ ይክፈል፤ ያ ኪራይ ወደ አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ከመጥፋቱ በፊት ለዚያው ተርታ ጣሪያና ለኋላው ግቢ መጸዳጃ ይዋል። ከኋላ ላለው ነዋሪ ደግሞ የረጅም ዘመን ውል ይሰጠው፤ ነገ እንደማይነሣ ያወቀ ሰው ምርጉን ራሱ ይመርጋል። ከ1967 በኋላ ግቢው ውስጥ የተቀጣጠሉት የቆርቆሮ ቅጥያዎች ይነሡ፤ ለእነሱ አልከራከርም። የሚጨናነቀውም ሰው በፈቃዱ፣ ከሰፈሩ ሳይርቅ ሌላ ቤት ይሠራለት። ባዶ መሬት እኮ አሁን ሞልቷል።

ይህን የምለው ለአራዳ ብቻ ቢሆን ዘግይቷል እባላለሁ፤ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር እስከ 1933 የነበረችውን አዲስ አበባ በመጽሐፍ ካሰባሰቡ በኋላ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቤት በመጽሐፉ ብቻ ቀረ። የኮሪደር ልማቱ ግን አሁን ወደ ሌሎች ከተሞች ወጥቷል። የድሬዳዋ ከዚራ አለ፤ የጎንደር ፒያሳ አለ፤ ደሴና ጅማ ገና የቆመ ተርታ አላቸው። በእነዚህ ከተሞች የሚቀመጡት ከንቲባዎች የሚድኑትን ቤቶች ዝርዝር አዘጋጁ ሲባሉ ዝርዝሩን ከመጻፋቸው በፊት ባለሙያ ይላኩና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያስለኩ፤ የትኛው ግድግዳ የማንና የማን እንደሆነ፣ የትኛው መተላለፊያ ወደ የትኛው ግቢ እንደሚወስድ፣ ከኋላ ስንት አባወራ እንደሚኖር በካርታ ላይ ይውጣ። ያ ካርታ ተሠርቶ ለነዋሪው ሳይታይ አንድም በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አይደረግ።